የተንጋደደ ፎቶግራፍ ጥበብ ይባላልን?

ወጣቶች በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ በዚህ ዘመን የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንዱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ያነሣውን ፎቶግራፍ ለጓደኞቹ ያሳያል። ሁለተኛው አየት ያደርግና «ምድሩ ጋደል ብሏል፣ ፊቱ ጨልሟል፣ የሰውየውም እግር ተቆርጧል» ብሎ ይፈርዳል። ሦስተኛው ደግሞ «ተወው እባክህ፣ ጥበብ እኮ ሕግ የለውም» ብሎ ጠበቃ ይሆንለታል። ክርክሩ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ያድራል። የፎቶግራፍን ሙያ ያልተማረ፣ መሣሪያውም ተራ የሆነ ሰው ያነሣው፣ ጉድለቱም ለማንም የሚታይ ፎቶግራፍ ጥበብ የሚለው ስም ይገባዋልን?

በበኩላችን ፈራጁም ጠበቃውም የሚመለከቱት ጉድለቱን ብቻ ነው እንላለን። አንደኛው በጉድለቱ ይኰንነዋል፤ ሌላው በጉድለቱ ያጸድቀዋል። ፎቶግራፉን ግን ማንም አላየውም።

የፈራጁን ወገን በቀላሉ ልናልፈው አይገባም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርለታልና። ጥበብ ማለት በአማርኛ ዕውቀትም፣ ብልኀትም፣ የእጅ ሙያም ነው። በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚጣለው ጥለት እንኳ ጥበብ ይባላል። አንድ ሸማኔ ክሩ ተዛንፎበት፣ ጥለቱ ተጣሞበት ሸማውን ይዞ ገበያ ቢወጣ፣ ገዢው «ልብህ ንጹሕ ነው» ብሎ ዋጋ አይጨምርለትም፤ ይቀንስበታል እንጂ። ታዲያ ከሸማኔው የምንጠይቀውን ጥንቃቄ ከፎቶግራፍ አንሺው ስለ ምን አንጠይቅም? ክራሩን ሳይቃኝ የሚመታ ሰው ቢመጣብንስ ጆሯችንን እንይዛለን እንጂ «ስሜቱ ደስ ይላል» ብለን እናጨበጭብለታለንን?

የቅኝትን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምንናገረው ስለ ባቲ ነው፤ ባቲ ደግሞ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር በስሟ የሚጠራ ቅኝት ያላት አገር ናት። እንግዲህ በሙዚቃችን ሁለት ዓይነት ጉድለት እንዳለ እናስተውል። ድምፁ የሻከረ፣ ሳሉም በየመሐሉ የሚያቋርጠው አንድ አዝማሪ ቅኝቱን ከያዘ እንሰማዋለን፤ አንዳንዴም ሻካራው ድምፅ ራሱ ዘፈኑን ያከብደዋል። ድምፁ እንደ ማር የጣፈጠ ሰው ግን ከቅኝቱ ከወጣ ማንም አያድነውም። ስለዚህ በፎቶግራፍም ረገድ መጠየቅ የሚገባን «ጉድለት አለበት ወይስ የለበትም?» ብለን ሳይሆን «ጉድለቱ የድምፅ ነው ወይስ የቅኝት?» ብለን ነው። የምስሉ ጥራት፣ የብርሃኑ ልክ፣ የአድማሱ መስተካከል፣ እነዚህ ሁሉ ድምፅ ናቸው። የፎቶግራፍ ቅኝቱ ግን የአንሺው ምርጫ ነው፤ ይኸውም ከዚህ ሁሉ ዓለም ውስጥ ምን አየ? ምን አስገባ? ምንስ ከበር መለሰ? የሚለው ነው።

አሁን ወደ ባቲ እንውረድ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ መንገዱ በእርሷ በኩል አልፎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ይወርዳል። በአስተዳደር ከከሚሴ ጋር በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትቈጠራለች። ደጋውና ቆላው የሚገናኙባት በመሆኗ በሰኞ ገበያዋ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይመጣባታል። ይህ ገበያ ካሜራ የለመደ ገበያ ነው፤ አገር ጎብኚዎች ከሩቅ አገር መጥተው ሲያነሡት ኖረዋል። እኛም ወደዚያ የሄድነው ገበያውን ለማየት ነበር፤ አብዛኛውን ያየነው ግን በአንድ ወጣት ስልክ ውስጥ ነው።

ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በዘመዱ ሱቅ የሚያግዝ ነው። ስልኩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ነው። ከሱቁ ደጃፍ በርጩማ ሰጥቶን ሁለት መቶ የሚሆኑ ፎቶግራፎች አሳየን። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ምንም አይደሉም፤ ማንም ሰው በስልኩ የሚያጠራቅመው ዓይነት ናቸው። ስለ ሦስቱ ግን እንናገራለን።

በአንደኛው ላይ የግመል ሽያጭ ይታያል፤ ይታያል ከተባለ። ደላላው የሻጩንና የገዢውን እጅ ይዞ ሊያጨባብጣቸው ይጎትታል። ካሜራው ያጠራው ከኋላ ያለውን የግመል ጎን ነው፤ እጆቹ በእንቅስቃሴ ደብዝዘዋል። ምድሩ ወደ ግራ ያዘነበለው፣ ባለ ፎቶው እንደ ነገረን፣ ፍየል የሚነዳ ሰው በክርኑ ስለ ገፋው ነው። ሰዎቹ ከአፋቸው በላይ ተቆርጠዋል። የቀረው በመካከል ያሉት ሦስቱ ሰዎች እጅ ብቻ ነው። የገዢው እጅ ተዘርግቷል፤ የደላላው እጅ ይጎትታል፤ የሻጩ ጣቶች ግን ገና አልተከፈቱም። ሽያጩ ይፈጸም ወይም ይፍረስ አይታወቅም። ፊታቸውን ስለ ምን እንደ ቆረጠው ጠየቅነው። «በገበያ ፊት ይዋሻል፤ እኔ እጃቸውን ነበር የምጠብቀው» አለን። ይህችን አንዲት ሥዕል ለማግኘት ሦስት ሰኞ እዚያው ቦታ ላይ ቆሟል።

በሁለተኛው ላይ አያቱ በቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ይታያሉ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው። ከበስተ ኋላቸው ያለው ግቢ እንደ እሳት ነጭ ሆኗል፤ የእርሳቸው ፊት ግን ከሰል መስሎ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። የሚያበራው የሻሻቸው ጠርዝና የስኒያቸው ከንፈር ብቻ ነው። ወጣቱ ይህን ሲያሳየን አፈረ። «ተበላሽቶብኛል፣ ላጠፋው ነበር» አለ።

ሦስተኛው የግመል ፎቶግራፍ ነው። ግመሉ ራስ የለውም። ስለ ምን እንደሌለው እኛ አናውቅም፤ አንሺውም አያውቅም፤ ግመሉም ቢጠየቅ አያውቅም።

የኛ ፍርድ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጥበብ ነው። ደብዝዞም፣ ጋድሎም፣ ሰውን አንገቱን ቆርጦም ጥበብ ነው፤ አንሺው የሚያየውን ያውቅ ነበርና፣ ያየውም ወደ እኛ ደርሷልና። እንዲያውም እጆቹ ጠርተው ቢወጡ ኖሮ የተጨባበጡ ሰዎች ሥዕል ይሆን ነበር፤ አሁን ግን የድርድሩ ጭንቀት ራሱ ተነሥቷል። ሦስተኛው ጥበብ አይደለም፤ ግመሉ ራስ ኖሮትም ቢሆን አይሆንም ነበር። በሁለተኛው ላይ ግን አሰብንበት። ያ ጨለማ ፊት እኛን የነካን ቢሆንም አንሺው የፈለገው እርሱን አልነበረም፤ የፈለገው የአያቱን ፊት ነው። በአጋጣሚ ያማረን ነገር ጥበብ ለማለት አንደፍርም። ወደ ፊት ያው ወጣት ከብዙ ፎቶግራፎች መካከል እርሱን አንሥቶ «የፈለግሁት ይህንኑ ነው» ካለ፣ መምረጥም አንድ ዓይነት ማየት ነውና ፍርዳችንን እናሻሽላለን።

እንዲህ ዓይነቱ ፍርድ አዲስ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ከወሎ ምድር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ከባቲ በስተ ምዕራብ በመቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ደጃዝማች ዓለማየሁን የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ በግንቦት ወር ዐረፉ። ልጁም በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር ደረሰና ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ከአንዲት ሴት ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ሴትዮዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች።

ይህች ሴት የፎቶግራፍ ባለሙያ አልነበረችም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. መጨረሻ ልጇና አማቿ ካሜራ በስጦታ ሲሰጧት ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነበር። የዶሮ ቤቷን አስለቅቃ ባለ መስታወት የማንሻ ቤት አደረገችው፤ የከሰል ማስቀመጫዋን ደግሞ ለጨለማ ክፍል አዋለችው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው መድኀኒት በተቀባ እርጥብ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ሳይደርቅ ማንሣትና ማጠብ ያስፈልጋል፤ ተነሺውም ለረጅም ጊዜ እንደ ድንጋይ ረግቶ መቀመጥ አለበት። የካሜሮን ተነሺዎች ይነቃነቁባት ነበር። በሰሌዳዎቿ ላይ ጭረት፣ የመድኀኒት ዝርዝርታና የጣት አሻራ ሳይቀር ይታያል። ምስሏም ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው። በ1865 በፈረንጆች አቆጣጠር የለንደኑ የፎቶግራፍ ማኅበር መጽሔት ድፍረቷን አመስግኖ፣ ነገር ግን ድፍረቱ የተገኘው የፎቶግራፍን ሌላ መልካም ጠባይ ሁሉ በመሠዋት ነው ብሎ ተችቷታል። እርሷ በኋላ ስለ ሥራዋ ስትጽፍ እንደ ገለጸችው፣ መስታወቱን እያስተካከለች ሳለ የምታየው ነገር ለዓይኗ ውብ ሆኖ ከታያት እዚያው ላይ ትቆማለች፤ ሌሎቹ አጥብቀው እንደሚያደርጉት እስኪጠራ ድረስ አትገፋውም።

እዚህ ላይ እናስተውል። ጭረቱና የጣት አሻራው የሙያ ጉድለት ነው፤ ድብዝዝታው ግን ምርጫ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ የድምፅ መሻከርና የቅኝት ትክክለኛነት አብረው ይታያሉ።

አሁን ይህን ከሌላው ጋር እናነጻጽረው። በዚያው በ1860 ዓ.ም. ዘመቻ ከጄኔራል ናፒየር ጋር የመጡ የመሐንዲስ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ሠልጥነው፣ መሣሪያቸውን አሟልተው የመጡ ናቸው። ካርታና የመንገድ ንድፍ በፎቶግራፍ ያባዙ ነበር፤ ሰፈሩን፣ ተራራውን፣ መኰንኖቹን፣ የመቅደላንም አምባ አነሡ። ለታሪክ የከበረ ዋጋ አላቸው፤ ማንም የታሪክ ተማሪ ሊያያቸው ይገባል። ይሁን እንጂ በእነርሱ ላይ የምናየው የጦር ሠራዊት ያየውን ነው። የካሜሮንን የዓለማየሁ ሥዕል ስናይ ግን አባትና እናቱን በሁለት ወር ውስጥ ያጣ አንድ ሕፃን እናያለን። ልጁ ፈገግ አይልም። (ካሜሮን የአገሩን ልብስ አልብሳ ለፈረንጅ ዓይን አሳምራ ያስቀመጠችው መሆኑን አንዘነጋም፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው፤ ልጁ ግን ከልብሱ ይልቅ ይታያል።) ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ፤ በዊንዘር ተቀበረ። የካሜሮን ፎቶግራፎች ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይጠበቃሉ። በዘመኗ ሥራዋን በጥራት መለኪያ ብቻ የመዘኗት ግን ዛሬ የሚታወሱት በእርሷ ታሪክ ውስጥ ነው።

«ካሜሮን ባለጸጋ ወዳጆች የነበሯት እንግሊዛዊት ናት፤ የባቲው ልጅ ከእርሷ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያመጣውም ነገር ለእኛ የሚጠቅም ነው። ይኸውም ትክክለኛ የተባለው መለኪያ ራሱ ከየት መጣ? የሚለው ነው።

ስለ አያትየው ጨለማ ፊት እንናገር። በስልክ ውስጥ ያለችው ካሜራ ብርሃንን የምትለካው አማካይ በማውጣት ነው። በፊቷ ያለውን ሁሉ ደምራ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ታደርጋለች። ከኋላ ያለው የባቲ እኩለ ቀን እጅግ ነጭ ሲሆን እርሱን ለማብረድ ብርሃኑን ሁሉ ትቀንሳለች፤ በጥላ ያለው ጥቁር ፊትም በዚያው ይሰጥማል። ይህ የወጣቱ ስንፍና አይደለም፤ የአማካይ ፍርድ ነው። ጣቱን በፊታቸው ላይ አስቀምጦ ቢለካ ኖሮ ይድን ነበር፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን አላገኘም። እኛ ስንነግረው በዚያው ሰዓት ሞክሮት ተሳካለት።

ከዚህም የባሰ አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበረ። በካርዱ ላይ ያለችው አንዲት ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል። የእርሷ ቆዳ ጥሩ ሆኖ ከታየ ፎቶግራፉ ትክክል ነው ይባላል። በዚያ ፊልም የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ እየጠፋ፣ ጥርስና ዓይን ብቻ እየቀረ ይወጣ ነበር። ፊልሙ እንዲሻሻል ከገፋፉት ምክንያቶች መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ቡናማው ቀለም አልተለየልንም» ብለው ያሰሙት ቅሬታ እንደሚገኝበት ተመዝግቧል። ቸኮሌቱ ከሰዉ ቀድሞ ተሰማ ማለት ነው። ከስልክ አምራቾች መካከልም ጉግል ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ አስተካከልሁ ብሎ ያስታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ነው። እንግዲህ የባቲውን ፎቶግራፍ «ፊቱ ጨለመ» ብለን ከመጣላችን በፊት ጉድለቱ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። በራሳችንም አገር የፎቶግራፍ ወግ የጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በድሮስ ቦያጅያንና ልጆቹ ያነሷቸው የንጉሣውያን ሥዕሎች ውበታቸው የሚያስደንቅ ነው። ፎቶ ቤቶቻችንም ያንኑ ወግ ተከትለው ሰውን ቀጥ አድርገው፣ ልብሱን አስተካክለው፣ «አትነቃነቅ» ብለው አነሡት። ከዚህ የተነሣ የማይነቃነቅ ሰው መልካም ፎቶግራፍ ነው የሚል እምነት በልባችን ገብቷል። የባቲ ገበያ ግን ይነቃነቃል።

ይህን ስላልን ጠበቃው ደስ አይበለው፤ ለእርሱም የምንለው አለን። በዚህ ዘመን ጉድለትን እንደ ጌጥ የሚገዛ ሰው በዝቷል። ጥርት ያለውን ፎቶግራፉን በስልኩ ፕሮግራም ያደበዝዘዋል፤ ያልተጫረውን ይጭረዋል፤ ትናንት ያነሣውን የሃምሳ ዓመት አቧራ ያለብሰዋል፤ ቀጥ ያለውን አድማስ ሆን ብሎ ያንጋድደዋል። አዲስ ጋቢ ገዝቶ በመቀስ እየቀደደ «የአባቴ ነው» እንደሚል ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ የፎቶ ቤት ሠራተኛ ለመታወቂያ ደብተር አስተካክሎ የሚያነሣውን ጉርድ ፎቶግራፍ እናከብራለን፤ ቢያንስ ለምን እንደሚያነሣው ያውቃልና። «ጥበብ ሕግ የለውም» የሚለውም አነጋገር ለወጣቱ ውለታ የሚመስል በደል ነው። የባቲውን ልጅ ስለ ሁለት መቶውም ፎቶግራፍ «ሁሉም ጥበብ ነው» ብንለው ኖሮ፣ ሦስት ሰኞ የቆመበትን ከራስ አልባው ግመል ጋር ደባለቅንበት ማለት ነው። ጣቱንም በአያቱ ፊት ላይ አስቀምጦ መለካትን ባልተማረ ነበር። ሙያ መማር ማየትን አይገድልም፤ ያየኸውን ሳይጠፋብህ ወደ ቤት የምታደርስበት መንገድ ነው።

እስካሁን የተከራከርነው ስለ ስም ነው፤ ጥበብ ይባል ወይስ አይባል በሚለው። ከስም በላይ የሆነ አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ምን ይቀመጥ? ምንስ ይጣል? የሚለው ነው። ወሎ ይህን ከማንም አገር ይልቅ ያውቀዋል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርባ ሳለ፣ ከያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደዚያ የሄዱ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሳዩ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። መምህራኑ ሙያቸው ፎቶግራፍ አልነበረም። አንድ የውድድር ዳኛ በዚያ ቀን ፊታቸው ቆሞ የብርሃኑን ልክና የአድማሱን መስመር ይመረምር ነበርን? ተማሪው ያየው አገሩ የተደበቀበትን ነው፤ ተነሣሣም። እነዚያን ፎቶግራፎች ጥበብ እንበላቸው አንልም፤ ምስክርነት ናቸው፤ ምስክርም «ድምፅህ አያምርም» ተብሎ ከችሎት አይባረርም።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ባቲ ራሷ ከታላላቆቹ የረሀብተኞች መጠለያዎች አንዷ ሆነች። በዚያ ዓመት የመሐመድ አሚን የኮረም ፊልም በጥቅምት ወር በቢቢሲ ከታየ በኋላ የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደ ወሎ ዞረ። የመጡት በሙያቸው የላቁ ናቸው፤ ያነሡትም ጥርት ያለ፣ ብርሃኑ የተለካ፣ አቀማመጡ የተጠና ነው። እርዳታ አምጥተዋልና ምስጋናችን አይጓደልባቸውም። ነገር ግን በብዙዎቹ ሥር የተነሺው ስም አልተጻፈም። የባቲ ሰው በዓለም መዝገብ ውስጥ በእጅጉ የተነሣው በተራበበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎም በሰኞ ገበያ ከግመሉ ጎን ለአገር ጎብኚ ሲቆም ነው። ያገባበት፣ ልጁን ያስመረቀበት፣ ሱቁን የከፈተበት፣ በዒድ ማለዳ ነጭ ለብሶ የወጣበት ቀን ያለው በየሰዉ ሣጥንና በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው። ያም ደብዛዛ ነው፤ ያም ጋድሏል፤ ፊቱም ጨልሟል። የጥራትን መለኪያ ብቻ ይዘን መዝገቡን የምንሞላ ከሆነ፣ የሚቀመጠው እንግዳው ያየው ባቲ ነው፤ ባለ አገሩ ያየው ይጣላል።

ስለዚህ ጽሑፋችንን የሚያነቡ ብዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አሉና ለእነርሱ አንድ የሥራ ነገር እንንገር። በየባህል ጽሕፈት ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ፎቶግራፍ የሚመርጥ ሰው አለ። ለቀን መቁጠሪያ፣ ለዓመት መጽሔት፣ ለበዓል ትርኢት ይመርጣል። እንዲህ ያለ አንድ ሠራተኛ የተማሪዎችን ሥራ ሲመርጥ በአንድ ወቅት አይተናል። ፎቶግራፎቹን በፊቱ ዘርግቶ የደበዘዘውን ሁሉ ወደ ቅርጫት፣ የጠራውን ሁሉ ወደ ጠረጴዛ ሲያደርግ ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ የቀሩት አበባ፣ ፏፏቴና የፀሐይ መጥለቂያ ነበሩ። ሰው አልነበረባቸውም፤ ሰው ይንቀሳቀሳላ።

ይህ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው መለኪያ ያ ብቻ ነው። እኛ የምንለው ሁለት ቅርጫት ይኑረው ነው። በአንደኛው ለትርኢት የሚወጡት ይግቡ፤ እነርሱንም ሲመርጥ አንሺውን ጠርቶ «እዚህ ላይ ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያለው ሰው ፎቶግራፉ ቢደበዝዝም ይሰቀልለት፤ መልስ የሌለው ቢጠራም ይቆይ። በሁለተኛው ቅርጫት የቀሩት ሁሉ ይግቡ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ያነሣው ሰውና የተነሣው ሰው ስም ይጻፍባቸውና ይቀመጡ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፣ ሁለት የፋይል ማስቀመጫና የሚጽፍ ሰው ነው፤ ውድ ካሜራ አያስፈልግም።

የባቲው ወጣት የአያቱን ሥዕል እንዳያጠፋው ለምነነዋል። ስማቸውንና ቀኑን ከሥሩ እንዲጽፍም ነገርነው፤ ቀኑን ግን ረስቶታል፤ ሰኞ መሆኑን ብቻ ያስታውሳል። የሦስቱ እጆች ፎቶግራፍም እስከምናውቀው ድረስ በሌላ ቦታ አልተቀመጠም፤ ያለው በዚያችው መስታወቷ በተሰነጠቀች ስልክ ውስጥ ነው።